የቤት ማሚቶ፣ የገደል ማሚቶ

ደብረ ብርሃን አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ አራተኛ ፎቅ ላኩኝ። ሕንፃው ገና አላለቀም፤ ደረጃው በአንድ በኩል መደገፊያ የለውም፣ ሲሚንቶና ባዶ አየር ብቻ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ መዳፌ በላብ ራሰ። ቦርሳዬን ከፍቼ ከታች የምትቀመጠውን አንዲት ጭብጥ የበግ ጠጉር አወጣሁና ጨበጥኳት። ከኋላዬ የሚወጣ ሰውዬ ዓይኑ እጄ ላይ ዐረፈ።

«እህቴ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ጠጉር ነው። የመንዝ በግ።»

ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ እንዳይነካኝ ተጠንቅቆ አለፈኝ። መተት መስሎት ይሆናል። አልፈርድበትም።

ጠጉር በላብ ሲርስ የሚያወጣው ሽታ አለ። ቅባት ቅባት፣ ጭስ ጭስ፣ ዝናብ የመታው በግ ጠረን። ያን ሽታ ባሸተትኩ ቁጥር ያለሁበት ፎቅ ይቀርና በልግ ይሆናል፣ ጉም ይሆናል፣ ማነቂያ በሚሉት የገደል መንገድ መሐል ቆሜ እገኛለሁ። ትከሻዬ ላይ የሰው እጅ ይከብደኛል።

እናቴ መንታ የወለደችበት ዓመት ነው። የምንኖረው ዘመሮ ነበር፤ ቤታችን ጠባብ፣ መንታዎቹ ደግሞ አንዱ ሲተኛ አንዱ የሚነቃ። የአባቴ እህት እትዬ ዘነበች ልትጠይቅ መጥታ ሁኔታችንን አየችና፣ «ይቺን ዓመቱ እስኪያልፍ እኔ ልያዛት፤ ትምህርቷንም እዚያው ትማራለች» አለች። ልጅ አልነበራትም። እናቴ ሹሩባዬን እየነካካች «ጎበዝ ልጅ ሁኚልኝ፣ እንዳታሳፍሪኝ» ብላ ሸኘችኝ። የትምህርት ቤት ስሜ እታገኝ ነው፤ ቤት ግን ማሚቶ ነበር የምባለው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ስም ነው።

የእትዬ ዘነበች አገር ጠርዝ ላይ ነው። ከጓሮዋ ቀጥሎ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው ቀጥሎ ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣር፣ ከጓሳው ቀጥሎ ምንም። ሜዳው ሲሄድ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ያልቃል። በሄድኩ ሰሞን የሚያልቅበትን ለማየት ወጣሁ። አፋፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ አንድ ቁራ ይበራል። ቁራ ብርቄ አልነበረም፤ ጀርባውን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ከእግሬ በታች፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይበራል። ያኔ አንድ ነገር የውስጥ እግሬን ኮረኮረኝ፣ ጆሮዬን ፉጨት ሞላው፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ከሁሉ የባሰው መሳቡ ነው። አንድ ሰው ቀሚሴን ከፊት ይዞ ቀስ አድርጎ የሚጎትተኝ መሰለኝ።

በዚያው ቅጽበት እትዬ ዘነበች ከጓሮ ተጣራች። «ማሚቶ! ነይ!»

ከታች፣ ጭው ካለው ውስጥ፣ «ነይ… ነይ…» የሚል ድምፅ መጣ።

በሆዴ ተኝቼ ጓሳውን በሁለት እጄ አነቅኩት። አክስቴ ሮጣ መጥታ በቁርጭምጭሚቴ ስባ እስክታወጣኝ ድረስ አልለቀቅኩም።

«ምን ሆነሽ ነው፣ አንቺ ልጅ?»

«ጠራችኝ።»

«ማን?»

«እዚያ ታች ያለችው።»

አክስቴ ሳቋን ለቀቀችው። «ኧረ አንቺ ሞኝ! እሷማ የገደል ማሚቶ ናት።»

አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ የገደል ማሚቶ ምን እንደሆነች ያውቃል፤ የራስ ድምፅ ገደል ነክቶ ሲመለስ ነው። ነገር ግን ስሟ ማሚቶ የሆነ፣ ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምታው የማታውቅ ልጅ ምን ትረዳ? እኔ የረዳሁት ግልጽ ነበር። እኔ የቤት ማሚቶ ነኝ፤ እዚያ ታች ደግሞ የገደል ማሚቶ አለች። ሞክሼዬ ናት። ብቻዋን ሆና ጓደኛ ፈልጋለች።

ብቻዋን እንዳልሆነች ደግሞ ቆይቼ ደረስኩበት። ማለዳ ማለዳ ጉሙ ውስጥ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይንጫጫሉ። የጭላዳ ድምፅ ከሩቅ ሲሰሙት የሰው ወሬ ነው፤ አንድ የሚያጉረመርም አባት፣ አንዲት የምትቆጣ እናት፣ የሚነጫነጭ ሕፃን፣ ቃሉ ብቻ አይያዝም። ሲመሽ ከጓሳው ተነስተው ወደ ጠርዙ ያዘግማሉ፣ ጠርዙ ላይ ጥቂት ቁጭ ይላሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ቁልቁል ይሰወራሉ። የሚጮህ የለም፣ ወድቆ የሚመታ አይሰማም። እኔ በራፉ ላይ ቆሜ «እነማሚቶ ቤታቸው ገቡ» እላለሁ።

ትምህርት ቤቱ ከማነቂያ ማዶ ነው። ማነቂያ የገደሉን ወገብ ይዞ የሚሄድ መንገድ ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት ሲኬድ በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ምንም፣ ስፋቱ የተጫነች አህያ የምታልፍበት ያህል። እሱን ያልፈለገ በላይ በኩል ሲዞር ግማሽ ቀኑ ያልቃል። የመንደሩ ልጆች እየተሯሯጡ ያልፉታል። አብሬያቸው ገባሁ፤ ጥቂት እንደሄድኩ ያ ነገር ቀሚሴን ያዘ። በእጄና በእግሬ ሆንኩ። ልጆቹ ከፊት ዞረው አዩኝና ባንድ አፍ «ፈሪ ለእናቷ!» አሉኝ።

«እናቷ… እናቷ…» ብላ ተቀበለቻቸው ያቺ ከማዶ። እናቴ ዘመሮ ናት፣ ከመንታዎቹ ጋር። ይቺ ሞክሼዬ እናቴን ከየት አወቀቻት? ቁርሴን እዚያው አስመልሼ፣ እየዳህኩ ወጣሁ።

በማግሥቱም እንዲሁ። ከዚያም እንዲሁ። ጎረቤት «ለክፏት ይሆናል» አለ፤ አክስቴ ጠበል ወሰደችኝ። የመንዝ ጠበል በማለዳ በረዶ ነው፤ ሲያፈሱብኝ ጮህኩ፣ መጮኼን ደግሞ «ይኸው፣ ለፈለፈ!» ብለው ያዙብኝ። ስመለስ ግን ማነቂያ ያው ማነቂያ፣ እኔም ያችው እኔ። እትዬ ዘነበች አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ትምህርት ከነፍሷ አይበልጥም፤ ካልሆነላት ዘመሮ እመልሳታለሁ» አለች። እኔ ደግሞ መመለስ ሞቴ ነበር። እናቴ አደራ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱኑ አቅቶኝ በዚያች ጠባብ ቤት በር ላይ መቆሜን ሳስበው ከገደሉ እኩል ያስፈራኝ ነበር።

አባባ ደምሴ ይህን ሲሰሙ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ነበሩ። የአባቴ አጎት ናቸው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ለብቻቸው ይኖራሉ፤ ከበግ ጠጉር ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ይሸምናሉ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ከትቶ፣ ሁለቱን እንጨቶች እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየላከ ነው የሚሠራ። «እግሬ መሬት ውስጥ ካላደረ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይሉ ነበር። ገበያ ቀን ሌላው ሰው በማነቂያ አቋርጦ መሐል ሜዳ ከተማ ሲገባ፣ እሳቸው ባናቸውን በአህያ ጭነው በላይ በኩል ይዞራሉ። «አባባ፣ ምነው ይህን ያህል መንገድ?» ያላቸው እንደሆነ መልሱ አንድ ነው። «አህያዬ ገደል ትፈራለች።» አገሩ በሙሉ በዚያች አህያ ይሥቅ ነበር። ስሟም «ፈሪዋ» ሆኖ ቀረ። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ልጆቹ ስሙን ለሁለት አካፈሉን።

«እኔ አደርሳታለሁ» አሉ አባባ ደምሴ፣ ቀና ሳይሉ።

አክስቴ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «አንቱ? በማነቂያ?»

«እኔ። ጠጉሬን እያፍታታሁ እጠብቃታለሁ።»

በማግሥቱ ማነቂያ አፍ ላይ አቆሙኝ። ከኪሳቸው ጭብጥ ጠጉር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ። «ጨብጫት። ላቡን እሷ ትጠጣዋለች። እጅ ሲደርቅ ልብም ይመለሳል።» ቀጥለው የገብስ ቆሎ ጉንጬ ውስጥ ጨመሩ። «አንድ በአንድ አድቅቂ። አፍ ሥራ ከያዘ ምላስ አይደርቅም። ዓይንሽ ቋጥኙ ላይ ይሁን፤ በግራ በኩል የሚታይ ነገር የለም። እግርሽን እንደ እኔ እንጨት ቁጠሪው። ቀኝ ስትረግጪ አየር ሳቢ፣ ግራ ስትረግጪ ተንፍሺ።» ከዚያ ከኋላዬ ሆነው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ከባድ እጅ ነበር።

«ቀኝ! ግራ!» እያሉ አስኬዱኝ። ገደሉ ግን የሰውን ቃል ሙሉውን አይመልስም፤ ጭራውን ነው የሚመልስ። «ግራ… ግራ…» አለች ማሚቶ። ግራ ማለት ምንም ያለበት ወገን ነው። እግሬ ተያዘ።

«አባባ፣ ወደ ግራ ነይ እያለችኝ ነው።»

ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ጠበቅ አለ። «እንግዲያው ግራን እናስቀድማለን» አሉ። «ግራ! ቀኝ!»

«ቀኝ… ቀኝ…» አለች።

በዚያ ቀን ማነቂያን አለፍኩ። ያለፈችው ማሚቶ ናት፣ ያሳለፈችውም ማሚቶ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ፍርሃቱ ሄደ ልል አልችልም፤ እግሬም ይኮረኮራል፣ ጆሮዬም ያፏጫል፤ ግን ለእያንዳንዱ ሥራ ሰጥተንለታል። ትምህርት ቤት ደርሼ ሳይ ሹራቤ ትከሻው ላይ ርሶ ይገኛል፤ አምስት ጣት የሚመስል እርጥበት። ጉም ነው እላለሁ። ፀሐይ በሆነበት ቀንም እርጥብ ነበር። ያኔም ጉም ነው አልኩ።

አባባ ደምሴ አድርሰውኝ አይመለሱም። አጥሩ ሥር ባናቸውን ደርበው ተቀምጠው፣ ጠጉር እያፍታቱ እስክወጣ ይጠብቃሉ። አስተማሪያችን ለክፍሉ «ፍቅር ማለት ይሄ ነው» ብለው ጠቁመውናል። ዘበኛው ደግሞ «አባት፣ ቤትዎ ደርሰው ቢመጡ ምን አለበት?» ሲላቸው «ሄጄ ምን ልሠራ» ይላሉ። ሽመናው ግን ቤት ነበር የሚጠብቃቸው።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ማሚቶ ለምንድን ነው የምትጠራኝ?»

አልሣቁብኝም። «ጠርታሽ አታውቅም። ገደል ጀምሮ አያውቅም፣ የኔ ልጅ። ሰው ይጀምራል፣ እሷ ትጨርሳለች። መላሽ እንጂ ጠሪ አይደለችም።»

«ትላንት ልጆቹ ሲጠሩኝ ‹አቤት› ብል፣ ‹ቤት… ቤት…› አለችኝ። ቤቷ ልትወስደኝ ነው።»

«አቤት ካልሽ የሚተርፍሽ ቤት ነው» አሉ። «ምን ክፋት አለው?»

«ታዲያ የሚስበኝስ?»

ብዙ ሄድን። «እሱን» አሉ በመጨረሻ፣ «እሱን እኔም አላወቅኩት።»

በልጉ ሲገባ ጉሙ በረታ። ከቆላው ተነስቶ ገደሉን እየዳሰሰ ይወጣና በር አንኳኩቶ እንደሚገባ እንግዳ ቤት ድረስ ይዘልቃል። እትዬ ዘነበች በየጠዋቱ አንድ ነገር ታስጠነቅቀኛለች። «ጉም ሲወርድ ስምሽን ቢጠሩሽ፣ ጠሪውን በዓይንሽ ሳታዪ አቤት እንዳትዪ። ጉም ውስጥ የሚጣራ ሁሉ ሰው አይደለም።» ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

የፈተና ሰሞን ነው። ጨርሰው የወጡ ወጡ፤ እኔ ከቀሩት ጋር ነበርኩ። ስወጣ አጥሩ ሥር አባባ ደምሴ የሉም። ጠጉራቸው እንዳለ መሬት ላይ ተቀምጦ ጤዛ ይጠጣል። ጠጉራቸውን ጥለው ተነስተው አያውቁም።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «አንቺ! እዚህ ነሽ እንዴ? ወንዶቹ ልጆች ከማነቂያ እየመጡ ‹ማሚቶ ጉሙ ውስጥ ሆና ስትመልስልን ነበር› ሲሉ ሰምተው ሽማግሌው ብድግ አሉ። እኔ ቃል ሳልናገር ጉሙ ዋጣቸው።»

ልጆቹ ሲጫወቱ ነበር። ያወሩት ስለዚያችኛዋ ነው። እሳቸው የሰሙት ግን እኔን ነው።

ማነቂያ አፍ ላይ ደረስኩ። ቋጥኙ ጥቂት ይታይና ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ብቻ። ጭላዳዎቹ እንኳ ዝም ብለዋል። ቆሜ ሳለ ከውስጥ መጣ።

«ማሚቶ!»

«ሚቶ… ቶ…»

የአባባ ደምሴን ድምፅ አይመስልም። ቀጭን ነው፣ የሕፃንም የአሮጊትም የሚመስል። ጠሪውን በዓይንሽ ሳታዪ ተብያለሁ፤ የሚታይ የለም። ደግሞ «ማሚቶ!» አለ፣ ደግሞ «ሚቶ… ቶ…»። ወደ ኋላዬ ልሮጥ እግሬ ተነስቶ ነበር። ያቆመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ድምፁ ሁለት ነው። አንዱ ይጀምራል፣ አንዱ ይጨርሳል። የምትጨርሰው እሷ ከሆነች የሚጀምረው ሰው ነው። በዚያ አገር ደግሞ ፈሪዋ ሳይለኝ ማሚቶ ብሎ የሚጠራኝ ከአክስቴ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አቤት!» አልኩ።

«ቤት… ቤት…»

ቀጥሎ ያ ቀጭን ድምፅ፣ «አለሽ?» አለኝ። «አለሽ እንዴ?»

«አለሁ አባባ! ፈተና ላይ ነበርኩ! በትምህርት ቤቱ በኩል ነኝ!»

«ተመስገን! ባለሽበት ቁሚ! አትምጪ!»

«ምጪ… ምጪ…» አለች ማሚቶ።

ሁለት ትእዛዝ ሰማሁ፤ የታዘዝኩት የእሷን ነው።

ጠጉሬን ጨበጥኩ። ቆሎ አልነበረኝም፤ ምራቄን ዋጥኩ። ወደ ቤት ሲኬድ ቋጥኙ በግራ ነው፣ ምንም በቀኝ። ስለዚህ ቃሉን ገለበጥኩት፤ «ቀኝ! ግራ!» ብዬ ጮህኩ፤ «ግራ… ግራ…» እያለች ወደ ቋጥኙ አስጠጋችኝ። ትከሻዬ ላይ እጅ ሳይኖር መሄድ ምን ያህል እንደሚቀል፣ ምን ያህልም እንደሚያስፈራ ያን ቀን አወቅኩ።

መሐል ላይ አገኘኋቸው። በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ግንባራቸውን ቋጥኙ ላይ ተክለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቆሎው ተበትኗል። እጃቸውን ነካሁት፤ ውሃ ነው። ያንን እርጥበት አውቀዋለሁ። ስንት ወር ሹራቤ ላይ ተሸክሜው የከረምኩት ነው። ለካ አህያዋ አልነበረችም። ለካ አጥሩ ሥር የሚውሉት ብቻቸውን መመለስ ስለማይችሉ ነው፤ ለካ እጃቸው ትከሻዬ ላይ የሚያርፈው እኔን ሊደግፍ ሳይሆን በእኔ ሊደገፍ ነው። እንዲህ የሚፈሩት ሰውዬ ደግሞ «ማሚቶ ጉሙ ውስጥ ናት» ሲባሉ ብቻቸውን ገቡ።

«አባባ፣ ይቺን ይጨብጧት» አልኳቸው። «ላቡን እሷ ትጠጣዋለች።»

ተንፍሰው ሣቁ ወይም አለቀሱ፤ ፊታቸው ቋጥኙ ላይ ስለሆነ አላየሁም። «መነሳት አልችልም፣ የኔ ልጅ።»

«እኔ ከፊት ልሁን።»

ከፊት ለመሆን አጠገባቸው ማለፍ ነበረብኝ፤ ቦታ ያለው በቀኝ በኩል ብቻ ነው፣ በምንም በኩል። ባናቸውን ይዤ እግሬን ጠርዙ ላይ አሳረፍኩ። ያ ነገር ወዲያው ቀሚሴን ከፊት ያዘ። ሳበኝ፤ እውነቴን ነው፣ ሳበኝ። ያኔ አባባ ደምሴ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ እጃቸውን ዘርግተው ቀሚሴን ከኋላ ጨመደዱት። ከፊት የሚስበውና ከኋላ የሚስበው ለጥቂት ጊዜ ተፎካከሩብኝ። የኋላው አሸነፈ።

እጃቸው ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። «ቀኝ! ግራ!» አልኩ እኔ፤ «ግራ… ግራ…» አለች እሷ፤ ሦስታችን ወጣን።

ደጃፍ ስንደርስ እትዬ ዘነበች ነጠላዋን እያጠበቀች ቆማለች። የአባባ ደምሴ ጉልበት ጭቃ ነው፣ ግንባራቸው ተልጧል።

«ምነው፣ ምን አዘገያችሁ?»

«አህያዋ ፈርታ ነው» አሉ አባባ ደምሴ።

አህያዋ ከአክስቴ ኋላ ታስራ ገለባ ትበላ ነበር፤ ጠዋትም ይዘናት አልሄድንም። እትዬ ዘነበች አህያዋን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች።

«እህ» አለች። «እሷም እኮ አረጀች።» እግራቸውን ልታጥብ ውሃ ልትቀዳ ገባች።

እናቴ ሰኔ ላይ መጥታ ወሰደችኝ፤ ማለፌን ስትሰማ እልል አለች።

አባባ ደምሴ ያረፉት አምና ነው። ለአርባቸው ሄድኩ። አሁን በላይ በኩል በዶዘር የተቆረጠ ፒስታ መንገድ አለ፣ ባጃጅ እደጅ ድረስ ይመጣል፤ ማነቂያን የሚረግጠው ጭላዳ ብቻ ነው። ሰው ምሳ ሲቀርብለት ተነስቼ ማነቂያ አፍ ላይ ቆምኩ። ጉም ወርዷል። ጠጉሬን ጨበጥኩ፣ ቆሎዬን ጎረስኩ። «አባባ!» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ብጣራ እንደምትመልስልኝ አውቃለሁ፤ የጀመርኩት ግን እኔ እሆናለሁ። እሳቸው እስኪጀምሩ ጠበቅኩ። ከታች እነማሚቶ ቀስ ብለው ያወራሉ፤ ቃሉ አይያዝም።

ማንም አልጠራኝም።

«አቤት!» አልኩ እንዲያው።

«ቤት… ቤት…» አለችኝ ሞክሼዬ።

ለመመለስ ዞር ስል ትከሻዬን ዳሰስኩ። ርሷል። ጉም ነው አልኩ።